ለሸሪፍነት የተላኩ ሽማግሌዎች

አቶ አምባዬ ለሽምግልና ሄደው ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት ቀን የለም። ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ አትላንታ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ሲነዱ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዋና ሥራቸው ይኸው ሆኗል። ልጅ ሲጠየቅ እሳቸው፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ እሳቸው፣ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ ላይ በሽርክና ሬስቶራንት የከፈቱ ጓደኛሞች ሲጣሉ አሁንም እሳቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ እየሩሳሌም «የከተማውን ትዳር ሁሉ ስትጠግን የኛ ቧንቧ ይኸው ይንጠባጠባል» እያሉ ያሾፉባቸዋል።

ስለዚህ በአንድ የግንቦት ቅዳሜ ሕሩይ ፊቱን አጨፍግጎ ሲመጣ ነገሩ የትዳር መስሏቸው ነበር። ሕሩይ በካውንቲው እስር ቤት ብዙ ዘመን ሠርቶ እስከ መኮንንነት የደረሰ ሰው ነው፤ አሁን ሥራውን ለቆ ለሸሪፍነት ይወዳደራል። እዚህ አገር ሸሪፍ ማለት እስር ቤቱን የሚያስተዳድር፣ ፍርድ ቤቱን የሚያስጠብቅ፣ የመያዣ ትእዛዝ የሚያስፈጽም ሹም ነው፤ የሚመርጠውም ሕዝቡ ነው። አቶ አምባዬ ለዚህ ወንበር የተነሣ ሐበሻ ሰምተው አያውቁም። የሕሩይን እጩነት የሰሙ ዕለት ደስታው እንቅልፍ ነሥቷቸው ነበር።

«ጋሽ አምባዬ፣ አልቻልኩም» አለ ሕሩይ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ። «በር አንኳኳለሁ። ‹ለምን አንተን እንምረጥ?› ይሉኛል። እኔ ጎበዝ ነኝ፣ እኔ እበልጣለሁ ማለት ከአፌ አልወጣ አለ።»

አብራው የመጣችው፣ ቅስቀሳውን የምትመራለት ልጁ ገሊላ ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለች። «ጋሼ፣ ትናንት ምን እንዳለ ታውቃለህ? ‹ሌላውም ካንዲዴት ጥሩ ሰው ነው› አለ! ላይክ፣ ኦፖነንቱን ፕሮሞት አደረገው!»

አቶ አምባዬ «አንተ» መባላቸውን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ፤ እዚህ ላደገ ልጅ ይህን ይተዉለታል። ከዚያ ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ምን ነካህ፣ አንተ ሰው! ለራሱ ሚስት የሚጠይቅ ማን አይተህ ታውቃለህ? ሽማግሌ ይላካል እንጂ!»

ለቀልድ ነበር የተናገሩት። ገሊላ ግን አልሳቀችም። «ዌይት» አለችና ነገሩን አስረዳቻቸው። ሚስ ሎሬታ የሚባሉ ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት አሉ፤ የአንድ ትልቅ ሰፈር ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው። እሳቸው እከሌን ካሉ ሰፈሩ እከሌን ይመርጣል። ማኅበሩ የሚሰበሰበው ዛሬ ማምሻውን ነው። ሌላው እጩ ቀድሞ ሄዶ አነጋግሯቸዋል፤ ሕሩይ ግን ሁለቴ ደጃቸው ድረስ ደርሶ ሳያንኳኳ ተመልሷል።

«እሳቸው እምቢ ካሉ በቃኝ» አለ ሕሩይ። «ከውድድሩ እወጣለሁ።»

«ማን ነው እምቢ የሚለው?» አቶ አምባዬ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ልባቸው ድሮ የመጀመሪያ ሽምግልናቸው ዕለት እንደመታው መምታት ጀመረ። ወዲያው ስልካቸውን አንሥተው ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ጎማ ቤት ላላቸው ለአቶ ተስፋጽዮን ደወሉ፤ ቀጥሎ ለሐጂ ከድር። ሁለቱም «ለምን ጉዳይ?» ብለው ጠየቁ እንጂ «አልችልም» አላሉም። አቶ ተስፋጽዮን በዚህ ሙቀት ጋቢ መልበሱ ግዴታ እንደሆነ ለማወቅ ፈልገው ነበር። ግዴታ ነው ተባሉ።

ገሊላ እየነዳች ወሰደቻቸው። ሙሽራ ሽማግሌ በተላከበት ቤት አይገኝምና ሕሩይን ከመንገዱ ማዶ መኪና ውስጥ ትተውት፣ ሦስቱ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ጎንበስ ብለው ከገሊላ ጋር ሚስ ሎሬታ ቤት ገቡ።

ሚስ ሎሬታ ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሴት ናቸው። በፈገግታ ተቀብለው ወንበር አሳዩ። ሽማግሌዎቹ እጅ ነሥተው እንደቆሙ ቀሩ። ሴትየዋ እንደገና ወንበሩን አሳዩ፤ ትራስ ጨመሩበት፤ ቀዝቃዛ ሻይ አመጡ። ሻዩን በምስጋና ተቀብለው ቆመው ያዙት።

«ወገባቸውን ያማቸዋል እንዴ?» ብለው ሚስ ሎሬታ ገሊላን ጠየቁ።

ገሊላ አፈረች። «ኖ ማም፣ ባህላችን ነው። ሊለምኑዎት ነው የመጡት። የመጡበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጡም።»

ሚስ ሎሬታ ከት ብለው ሳቁ። «ለመሆኑ ማን ሊያገባ ነው?»

አቶ አምባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። የመጣነው ለሸሪፍነት ለሚወዳደረው ለሕሩይ ነው አሉ፤ አያቱን አነሡ፣ አባቱን አነሡ፣ በሃዘንም በደስታም ከሰው እንደማይለይ ተናገሩ። ራሱን ማመስገን የማይሆንለት ልጅ ስለሆነ እኛ ልናመሰግነው መጣን አሉ። ገሊላ ተረጎመች። ሚስ ሎሬታ መስማቱን ወደዱት፤ ደስታቸው ከፊታቸው ይነበባል። አቶ አምባዬም «ተሳካ!» ብለው በልባቸው ፈነጠዙ።

«ጥሩ» አሉ ሴትየዋ። «ሸሪፍ ቢሆን ቅድሚያ የሚሰጠው ለምንድን ነው?»

ገሊላ የቅስቀሳውን በራሪ ወረቀት ቃል በቃል አወረደችው፦ አዳዲስ ካሜራ፣ የተፋጠነ የመያዣ ትእዛዝ፣ ዘመናዊ አሠራር።

የሚስ ሎሬታ ፈገግታ ጠፋ። «ይህን ሌላውም ሰውዬ ነግሮኛል» አሉ። «የልጅ ልጄ እዚያ እስር ቤት ነው፤ ገና አልተፈረደበትም። ከገባ ጀምሮ የማየው በስክሪን ነው። ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። እኔ እዚህ ስክሪኑን እነካለሁ፣ እሱ እዚያ ይነካል። የናንተ ሰው ለዚህ ምን ሊያደርግ ነው?»

ገሊላ ተረጎመች። ሐጂ ከድር አቶ አምባዬን አዩ፤ አቶ ተስፋጽዮንም አዩዋቸው። «እሱ ያስተካክለዋል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር የጎደለው። እንዲህ ብሎ መመለስም ይቻል ነበር። ግን አቶ አምባዬ በዕድሜያቸው ሁሉ ያልተላኩትን ቃል ሰጥተው አያውቁም፤ እንዲያ የሚያደርግ ሽማግሌ ትዳር ያፈርሳል ብለው ያምናሉ።

«ለዚህ አልተላክንም» አሉ ጭንቅ ብሏቸው። «ጠይቀን እንመለሳለን።»

«ስብሰባው እየደረሰ ነው እኮ» አሉ ሚስ ሎሬታ።

አቶ አምባዬ የሻይ ብርጭቋቸውን ለሐጂ ከድር አስያዙና ወጡ። ጋቢያቸውን ሰብስበው መንገዱን በሩጫ ተሻገሩ! ጉልበታቸው የት እንደነበረ እሳቸውም አያውቁም። የመኪናውን በር ከፍተው እያለከለኩ ሴትየዋ ያሉትን ነገሩት።

ሕሩይ አንገቱን ደፋ። «መጀመሪያ ያሰብኩት እኮ እሱን ነበር። አባቴ ታስሮ ሳለ እናቴ ስንቅ ይዛ ትሄድ ነበር፤ ከሽቦ ማዶም ቢሆን ዓይኑን ታየው ነበር። እኔ እዚህ ስንቱን ሰው በስክሪን ሲያለቅስ አየሁ። በራሪ ወረቀቱ ላይ ላወጣው ስል የምርጫ አማካሪዬ ‹ለወንጀለኛ የምትራራ ያስመስልሃል› አለኝና ተውኩት።»

አቶ አምባዬ ተናደዱ፤ ደስም አላቸው። «ይህን ሆድህ ውስጥ ይዘህ ነው እኛን በካሜራ የላክኸን? ውረድ!»

«ጋሽ አምባዬ፣ ሙሽራ እኮ…»

«ውረድ አልኩህ!»

እጁን ይዘው እየጎተቱ አስገቡት። ሕሩይ ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆመ።

«አንተም አትቀመጥም?» አሉ ሚስ ሎሬታ።

«አልቀመጥም፣ ማም። ከሌላው ሰው እበልጣለሁ ብዬ አልመጣሁም» አለ። «ከሁሉ አስቀድሜ የማደርገው ግን ይህን ነው። ያልተፈረደበት ሰው ዘመዱን በአካል ያገኛል። ያለ መስታወት፣ ያለ ስክሪን፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው። ታሞ የገባ ሰውም በገባበት ቀን ሐኪም እንዲያየው እፈልጋለሁ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ካሜራውም።»

ሴትየዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አተኩረው አዩት። «ጠባቂ የለንም ይላሉ ሁልጊዜ።»

«እውነታቸውን ነው፤ ሰው ይጎድላል። ስለዚህ በየቀኑ አልልዎትም። በቅዳሜ እጀምራለሁ። ጠባቂ ከጠፋ በሩ ላይ ራሴ እቆማለሁ፤ ስሠራው የኖርኩት ሥራ ነው።»

ገሊላ አባቷን እንደ አዲስ ሰው ታየው ነበር። አቶ አምባዬ ሩጫው አድክሟቸው ወንበሩን በጎን እያዩ ተመኙት፣ ግን ንቅንቅ አላሉም።

ሚስ ሎሬታ ወደ ገሊላ ዞሩ። «በናንተ ቋንቋ ‹ሲት ዳውን› ምንድን ነው?»

ገሊላ ነገረቻቸው። ሴትየዋ ቃሉን እየቆራረጡ፣ በፈገግታ፣ በጣታቸው ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያመለከቱ «ተ-ቀ-መ-ጡ» አሉ።

ሐጂ ከድር «አልሐምዱሊላህ!» አቶ ተስፋጽዮን «ተመስገን!» አሉ። አቶ አምባዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ሕሩይም ተቀመጠ፣ ገሊላም።

ሚስ ሎሬታ ብቻ ቆመው ቀሩ።

«ለስብሰባው ስምህን እነግራለሁ» አሉት ሕሩይን። «የመጀመሪያው ቅዳሜ ግን እመጣለሁ። ስክሪኑ እዚያው ካለ፣ ያኔ የማልቀመጠው እኔ ነኝ።»