ሊቀመንበሩ ይውጣ

በኢሕአዴግ ጊዜ ነው። አንድ የኢኮኖሚ መምህርና አንዲት የሕግ መምህርት ከደሴ ወደኛ ወደ ኩታበር መጡ። ገበሬ ማዳበሪያ የሚወስደው አስተዳደሩን አምኖ ነው ወይስ ፈርቶ፣ ያንን ያጠናሉ። ተራዬ ደርሶ ልጠየቅ ስገባ የቀበሌው ሊቀመንበር አጠገቤ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ሊቀመንበሩን ያምኗቸዋል?» አለችኝ መምህርቷ።

ሊቀመንበሩን በጎን አየሁት። ማዳበሪያ የሚወጣው በሱ ፊርማ ነው፤ ከተቀየመኝ ማሳዬ ጦም ማደሩ ነው።

«ይናገሩ እንጂ ጋሽ ሰይድ! እኔ እንደሆን አልቆጣ» አለ እየሳቀ።

«ይውጣና እመልሳለሁ» አልኋት።

ሳቁን ዋጠው። «እኔ የማልሰማው ምን ቢኖር ነው?»

«ይውጣ» አልሁ ደግሜ።

መምህርቷም «እባክዎ» አለችው። እያጉረመረመ ወጣ።

«እሺ አባባ፣ ያምኗቸዋል?»

«ወላሂ፣ አሁን አመንሁት» አልኋት። «ለካ ውጣ ሲሉት ይወጣል!»