ባሌ በልጃችን የተረታባት ጁምዓ

ዒዳ ላይ ነኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከቤት አልወጣም፤ ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ። ዛሬ የምጽፋት ጁምዓ ግን ትዝ ስትለኝ ብቻዬን ታስቀኛለች።

ያኔ ጅዳ፣ ጉለይል ሰፈር፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ እንኖር ነበር። ከአገር ቤት ለቤት ሠራተኝነት የሚመጡ ሴቶች የጎረፉበት ዘመን ነው። ጁምዓ እረፍት ያገኙት እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ትምህርቷን ገና የጨረሰችውን ልጄን «ጠበቃችን» ይሏታል፤ የኮንትራታቸውን ዓረብኛ የምታነብላቸው እሷ ነበረች።

እሷም ሕግ ለመማር ቆርጣለች። ልትሄድበት ባሰበችው አገር ግን ሕግ የሚገባው መጀመሪያ በሌላ ትምህርት ዲግሪ የያዘ ብቻ ነው። አባቷ «ፖለቲካ ተማሪ» አላት። እሷ «ሒሳብ» አለች። ሁለቱ ተኳርፈው ሰነበቱ፤ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ቀረው።

በዚያች ጁምዓ፣ መካ ተወልደው መካ ያረጁት የባሌ አክስት ሊጠይቁን መጡ። ባሌ አያቱ የነገሩት የወሎ ሙግት ትዝ አለው። ድሮ ተሟጋቾች ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ በልብሳቸው ጫፍ ይቆራኙ ነበር። እሱም የትከሻውን ኩታ ከልጁ ሻርፕ ጋር ቋጠረና፣

«አክስቴ፣ ይዳኙን!» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ።

«ያላ፣ ተናገር» አሉት አክስቱ።

«እኔ የማውቃቸው ጠበቆች በሙሉ ፖለቲካ ተምረዋል! ስለዚህ ፖለቲካ የተማረ ጠበቃ ይሆናል! እሷ ዳኛ ፊት ቆማ ቁጥር ልትደረድር ነው?» እጁን ባወናጨፈ ቁጥር ሻርፑ ይሳባል።

«አባ፣ አንገቴን!» ትላለች ልጄ።

ተራዋ ደረሰ።

«አባ፣ ጃሚዓ ሰፈርን የማያውቅ ሾፌር አለ?»

«ወላሂ የለም!» አለ፤ ሥራው ሾፌርነት ነዋ።

«እማም እዚያ ሰው ቤት ስለምትሠራ ሰፈሩን አሳምራ ታውቀዋለች። ታዲያ እማ ሾፌር ናት?»

«እሷ ከነዳችማ እኔ በእግሬ!» አለች አንዷ ጎረቤት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ትራስ ወረወርኩባት።

ባሌ «ጠበቃ ሁሉ ፖለቲካ... ሾፌር ሁሉ ጃሚዓ...» እያለ ለራሱ አጉተመተመ። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ በራ።

«እንዲህ መሟገትን ማን አስተማረሽ?»

«ሒሳብ።»

«ኸላስ፣ አለቀ!» አሉ አክስቱ። «አንተ ልጅ፣ ተረትተሃል። ሒሳቧን ትማር። ቋጠሮውንም ፍታላት።»

«ኮምፒውተር ቤቱ ሳይዘጋ ደርሰን ትመዝገብ፤ ቋጠሮው መንገድ ላይ ይፈታል» ብሎ እንደተቆራኙ ይዟት ወረደ።

በመስኮት አየኋቸው። አልፈታውም። ደረቱን ነፍቶ መንገዱን ይሞላል፤ የሚያውቀውን ሁሉ እያስቆመ «ልጄ ረታችኝ! ሰማህ? ረታችኝ!» ይላል። እሷ በአንድ እጇ ሻርፗን ይዛ፣ በሌላው አፏን ሸፍና እየሳቀች ትከተለዋለች።