የሳጥኔ ሽታ

ኮሮና ገባ ተብሎ መጋቢት ላይ ከእንጅባራው አዳሪ ትምህርት ቤታችን ስንበተን፣ «ለሁለት ሳምንት ብቻ ነው» ስለተባልን ሳጥናችንን ቆልፈን ወጣን። የተመለስነው ከስምንት ወር በኋላ ነው።

የመኝታ ክፍላችንን በር ስንከፍት የተቀበለን ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። ማስክ አላገደውም። አንዷ ልጅ ደጅ ሮጣ አስታወከች። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ጮህሁ። «የማን ቆሻሻ ነው? ሴት ልጅ እንዲህ ትዝረከረካለች?» እያልሁ ስድስቱንም የክፍሌን ልጆች ሳጥናቸውን አስከፈትኋቸው።

ምግብ የሚባል ነገር የማንም ሳጥን ውስጥ የለም። በእኛ ክፍል ከቤት የመጣ ስንቅ መሐል ተዘርግቶ አብሮ ይበላል፤ የእነሱ ቆሎና ዳቦ ያኔውኑ አልቋል።

የእኔ ብቻ ቀረ። ከፈትሁት። አይጥ የሳጥኑን ጣውላ በልታ ገብታ፣ ወልዳ፣ እዚያው ሞታለች። ደብተሬ ላይ ትል ይርመሰመሳል። ከልብሶቼ ሥር እናቴ ከዳንግላ የላከችልኝ በቅቤ የታሸ በሶ፣ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ፣ ቅቤው ነጠላዬን አርሶ ተጋግሯል። ሁዳዴ ስለነበር፣ ጾሙ ሲፈታ ብቻዬን ልበላው ደብቄው ነበር። «ከቤት ምን መጣልሽ?» ሲሉኝ «ምንም» ብያቸዋለሁ።

ስድስቱም ከበው ሳጥኔን አዩ። ያቺ ያስታወከችው ልጅ ከደጅ አካፋ አምጥታ አቀበለችኝ።

«ይህንንም ብቻሽን ነው?» አለችኝ።