በአባቴ ጎተራ የተኛው ዕቃ

ለአባቴ የገብስ ጎተራ እርጥበት መለኪያ ሠርቼ ጋይንት ወሰድሁ። መለኪያውን የምታሠራው ከጥፍር የማትበልጥ፣ ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ደቃቅ ኮምፒውተር ናት። አባቴ በእጃቸው አልነኩትም፤ በዘንጋቸው ጫፍ ገለበጡት።

«ምን በልቶ ይሠራል?» አሉ።

«አንዲት የሰዓት ባትሪ ለዓመታት ትበቃዋለች። አብዛኛውን ጊዜ ይተኛል፤ በየደቂቃው ለአፍታ ነቅቶ ይለካና መልሶ ይተኛል። እርጥበት ካገኘ ቀይ መብራት ያበራል» አልኋቸው።

«ሳይበላ የሚኖር ጋኔን ነው» ብለው ወጡ።

እኔ ግን ጎተራው ውስጥ ሰቀልሁት። በማግስቱ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል ቀድተው መጡና ረጩበት። ብዙም ሳይቆይ ቀይ መብራቱ በራ።

«ይኸው፣ ጠበሉ አቃጠለው» አሉ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ።

«ኧረ አባየ፣ የበራው ውሃ ስለነካው ነው» አልሁ።

«እኔስ ምን አልሁ?» አሉኝ።