ጥጥ ውስጥ የተቀመጠው ብር

የወንድሜ አርባ በወጣ ማግስት ሣጥኑን ከፈትኩት። የበርኖሱ የሱፍ ሽታ ቀድሞኝ ወጣ። ከበርኖሱ ሥር ቡጢ የሚያህል ጥጥ አገኘሁ፤ ጥጡ ውስጥ አንድ ጠገራ ብር አለ። ጣቶቼ ራሳቸው ጠርዙን ያዙ። ፊቱን አልነካሁም። እንደዚያ ነበር ያስተማረኝ።

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ሁለታችን ብቻ አንኮበር እንኖር ነበር። እሱ ቁልቁል አልዩ አምባ እየወረደ ለአንድ ነጋዴ ሐጂ ጭነት ይሸከማል። ገበያው የጣሊያንን የወረቀት ገንዘብ እንዲቀበል ቢታዘዝም ሰው በልቡ ብር ነበር የሚሻው። ሐጂው ደግሞ አዲስ አበባ አንድ ግሪክ ደንበኛ ነበረው። ይህ ግሪክ ብር የሚሰበስበው ሊገበያይበት ሳይሆን ሊያየው ነው። የሚፈልገውም ከተሠራ ጀምሮ ገበያ ያልወጣውን ብቻ ነው።

ወንድሜ ሐጂው የሰበሰባቸውን ብሮች ለመምረጥ ወደ ቤት ያመጣቸዋል። የሐጂው ሱቅ ጨለማ ነው፤ የአንኮበር ጠዋት ግን ምንም አይደብቅም። ደጃፉ ላይ ጥቁሩን በርኖስ ያነጥፋል።

«ገበያ ያልወጣ ሁሉ እኩል አይደለም» ይለኝ ነበር። «ከረጢት ውስጥም እርስ በርስ ይጫጫራሉ። መጀመሪያ ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ ጉንጭ እይ። ከዚያ የትከሻዋን ዕንቁዎች ቁጠር፤ ዘጠኙም ጎልተው መውጣት አለባቸው።»

«እንደ ሙሽራ መረጥካት እኮ ጋሼ» አልኩት አንድ ቀን።

«ሙሽራ እንዲህ ዝም ብትልልኝ ምን ነበረበት» አለና ሳቀ።

በመጨረሻ ብሩን ዘንበል ያደርገዋል። ያልተነካ ብር ላይ ብርሃኑ አይቆምም፤ እንደ መንኮራኩር ይዞራል። ያ የሚዞር ብርሃን አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣብኛል።

በዚያ ሰሞን ሐጂው ቃል ገብቶለት ነበር። ግሪኩ አንድም ሳይመልስ ሁሉንም ከተቀበለ ወንድሜ ጭነት መሸከም ይቀርለታል፤ የሐጂው ሰው ሆኖ በበቅሎ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ከተመረጡት ሁሉ የሚበልጠው አንዱ ነበር። ጠርዙ ላይ ግን ቡናማ ጥላ ነበረበት። እኔ... እድፍ መሰለኝ። እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም በአመድና በሎሚ ፈተግሁት። እንደ መስታወት አበራ። ደስ ብሎኝ ጠበቅሁት።

መጥቶ አነሣው። ዘንበል አደረገው።

«አጠብከው?»

«አዎ፤ እድፍ ነበረበት።»

ከዚያ ሌላ ብር አንሥቶ ከጎኑ ያዘ። «ና እይ» አለኝ። በአንዱ ላይ ብርሃኑ ይሮጣል። እኔ ባጠብኩት ላይ ቆሟል።

«ጥላው እድፍ አልነበረም፤ ዕድሜው ነው» አለ። ድምፁን አላነሣም።

በማግስቱ አብሬው ወረድኩ። ሐጂው ብሩን አንዴ ብቻ አየው።

«ይቺን ሴትዮ ማን ላጫት?»

«እኔ ነኝ ሐጂ» አለ ወንድሜ።

«ወላሂ አንተ አይደለህም።» ሐጂው ወደ እኔ ዞረ። ከወንድሜ ኋላ ተሸሸግሁ።

«እኔ ነኝ አልኩ እኮ» አለ ወንድሜ።

ሐጂው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ ወደ ግሪኩ ሌላ ሰው እልካለሁ፤ እጁ የሚቸኩል ሰው አይሆነኝም። ይቺንም አንተው ውሰዳት፤ የወሩ ድካምህ ዋጋ ትሁን።»

ዳገቱን ስንወጣ እኔ ስለማለቅስ ከኋላ ቀረሁ። ቆሞ ጠበቀኝ። «ሌላ ጊዜ ከመንካትህ በፊት ጠይቀኝ» አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለኝም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሐጂውን ጨው ተሸከመ። እኔ ነበርኩ ብዬ ለሐጂው ሳልነግረው ሐጂውም ሞተ።

ብሩን ያኔውኑ የመነዘረው መስሎኝ ነበር። እህል ያጣንባቸው ሳምንታት ነበሩና። ለካ ጥጥ ውስጥ አስቀምጦታል።

ደጃፉ ላይ ወጥቼ ዘንበል አደረግሁት። ብርሃኑ አሁንም አይዞርም። ጠርዙ ላይ ግን፣ እኔ የፈተግሁት ቦታ ላይ፣ ያ ቡናማ ጥላ ቀስ ብሎ ተመልሷል።

አልጠረግሁትም።