ድምፅ የሌለው ዳክዬ

ባለፈው ሳምንት ቡራዩ ላይ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ተበላሽቶ ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ቆምን። ጎሚስታው ጎማውን ሲያስተነፍሰው ረጅም፣ የታፈነ «ህስስስ» ወጣ። ያን ድምፅ ስሰማ ሰበታ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩ። ልንገርህ፤ የዳክዬያችን ድምፅ ይኸው ብቻ ነበር።

አባቴ በያጅ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባው አገር ሊለቅ ሲል የሰጠውን ዳክዬ በካርቶን ይዞ መጣና እግሬ ሥር አስቀመጠው። «የኔ እናት፣ ያንቺ ነው» አለኝ።

ዝይ የሚያህል ወንድ ዳክዬ ነበር። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ጥቁሩ ላባ አረንጓዴ ይመስላል። ዓይኑ ዙሪያ ቀይ፣ ጎርበጥባጣ ሥጋ ስላለው ጎረቤቶች ታሞ ነው ብለው ልጆቻቸውን ያርቁ ነበር። እንደ ሌላ ዳክዬ አይጮህም፤ ሲቆጣም ሲደሰትም አንገቱን እየሰበቀ ይተነፍሳል እንጂ። እናቴ «አይበላ፣ እንቁላል አይጥል፤ ምን ልሁን ብሎ ነው የመጣው?» ትል ነበር። እኔ ግን ለማንም የማይጠቅም፣ የእኔ ብቻ በመሆኑ ወደድኩት።

አጥር ለአጥር የምንጎራበታቸው አዛውንት አይተውት «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ይሄ ክንፈ ብርቱ ነው፣ ጥሎሽ ይበራል።» አባቴም የአንድ ክንፉን ላባ በመቀስ ከረከመው። «ሲያድግ ንገሪኝ» ብሎ ጥበቃውን ለእኔ ሰጠኝ።

የዚያን ዓመት ክረምት አክስቴ ወሊሶ ሞተች። በአንድ ዓመት የምትበልጠኝን ልጇን አባቴ ይዟት መጣ። ልብሷ በአንድ ፌስታል አልቋል። አልቅሳ አታውቅም፤ በቀብሩ ዕለት እንኳ አላለቀሰችም አሉ። መጀመሪያ አዘንኩላት፤ አልጋዬንም አካፈልኳት።

ከዚያ ዳክዬው እሷን መከተል ጀመረ። ምንም አላደረገችለትም ብዬ መማል እችላለሁ። ልብስ ስታጥብ አጠገቧ ይተኛል፣ ሽንት ቤት ስትገባ በሩ ላይ ይጠብቃታል። እኔ ዳቦዬን ቆርሼ ስጠራው መጥቶ ይበላና ተመልሶ ወደ እሷ ይሄዳል። አንድ ቀን አባቴ ከሥራ ሲመለስ «የኔ እናት፣ እስቲ ውሃ አምጪልኝ» አለ። ብድግ አልኩ። ለካ እሷን ነው።

በማግስቱ ዳክዬው ክንፉን ሲያራግብ አየሁት። የተከረከመው ላባ ሙሉ በሙሉ ተተክቷል። እሁድ አባቴ ጠየቀኝ፤

«ላባው አደገ እንዴ?»

«ገና ነው።»

ልጅ ስለነበርኩ ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን የማደርገውን አውቅ ነበር። ለእኔ ካልሆነ ለእሷም እንዳይሆን ነው።

ሳምንት አልሞላውም። ከሰዓት በኋላ፣ እሷ ልብስ እያጠበች፣ ዳክዬው ከአጥሩ ወደ ጣሪያው ዘለለ። ጥፍሩ ቆርቆሮውን ሲቧጥጥ ተሰማኝ። ከዚያ ያን ከባድ ገላውን እየጎተተ በባሕር ዛፎቹ አናት አለፈና ከሰፈሩ በታች ወዳለው ረግረግ ወረደ። ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ በጣም ደስ አለኝ።

እሷ ልብሱን ጥላ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። ረግረጉ የበሰበሰ ሣር ይሸታል። እስከ ጉልበታችን ገብተን «ና፣ ና» እያልን ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ፈለግነው። የተንቀሳቀሰ ነገር የለም። በመጨረሻ ዳር ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች።

«እማዬ ስትሄድ አላየኋትም፤ ትምህርት ቤት ነበርኩ» አለች። «ይሄን እንኳ አየሁት።»

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን «እንሂድ፣ ይመሻል» የሚል ነው።

አባቴ ከጣሪያው ሥር የወደቀ ረጅም የክንፍ ላባ አንስቶ አገላብጦ አየው፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ከዚያ በኋላ «የኔ እናት» ብሎ ሲጣራ ቀድሜ አልነሳም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጎማው ተቀይሮ ስንነሳ ቤቴ መግባቱን ተውኩትና ታክሲ እየቀያየርኩ ኮዬ ፈጬ ሄድኩ። የአክስቴ ልጅ እዚያ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር ያገኘኋት። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ሁሉንም ነገርኳት፤ ላባውንም፣ ውሸቱንም፣ ቅናቴንም።

እጇ አልቆመም። ሌላ ነጭ ሽንኩርት አነሳችና «ያን ቀን ከረግረጉ ስንመለስ እናትሽ ጭቃሽን አይታ እንዴት እንደጮኸችብሽ ታስታውሻለሽ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እኔም እንዳንቺው ጭቃ ነበርኩ። እኔን ግን ውሃ አሙቃ እግሬን አጠበችኝ። እዚያ ቤት ስኖር አንድ ቀን እንኳ እንደ ልጇ ተቆጥታኝ አታውቅም።» ቅርፊቱን ከጣቷ ላይ አራገፈች። «እንዴት እንደቀናሁብሽ።»

እጄን ታጥቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ከፊቷ ካለው ነጭ ሽንኩርት አንድ እፍኝ ወደ እኔ ሳብኩ።