የአይጧ ወይስ የእናቴ?

ሰፈሩ እናቴን «የአይጥ ነርስ» ይላታል። ቅር አይላትም። ሥራዋ ከጫካ ዳር በወጥመድ የተያዙ አይጦችን ምራቅ መመርመር ነው። የምትፈልገው ሄርፐስ የሚባለውን የቫይረስ ዘር ነው፤ የሰው ከንፈር የሚያቆስለው፣ እኛ ምች የምንለውም ከዚሁ ዘር ነው። ስለ አይጦቿ ከጀመረች ማብቂያ የላትም፤ እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም።

የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ዓይኔን በዓይኔ ባየሁ ሰሞን እናቴ አፍና አፍንጫዋን በጭንብል ሸፍና መጣች። ከአልጋው ራቅ ብላ ቆመች።

«ሳሚያት እንጂ!» አልኳት።

«ምች መትቶኛል፤ እስኪለቀኝ ይቆይ።»

«ምች ደግሞ ምን ያደርጋታል?»

«ለእኔ ቁስል ነው። ለጨቅላ ግን ሞት ሊሆን ይችላል።»

ሆድ ባሰኝ። ከአይጥ ምራቅ ጋር ስትታገል የምትውል ሴት የእኔን ልጅ ተጸየፈች ብዬ አኮረፍኩ።

በዚያው ሳምንት መሥሪያ ቤቷ ጉድ ተባለ። አንዲት አይጥ ላይ ቫይረስ ተገኘ! አለቃዋ አጨበጨበ። ያለ ውጤት ስትለፋ ለከረመች ሴት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ እኔም ኩርፊያዬን ረስቼ በስልክ እልል አልኩላት። እሷ ግን «ቆይ፣ ምርመራው የዘሩን ሁሉ ዓይነት ነው የሚይዘው፤ የትኛው እንደሆነ ይለይ» አለች።

ሲለይ የሰው ሆኖ ተገኘ፤ ያውም የከንፈር ምች። ከክፍሉ ሠራተኞች ከንፈሩ የቆሰለው ማን ነው? እሷው! የላላ ጭንብሏን በጓንቷ አስተካክላ፣ በዚያው ጓንት የአይጧ ምራቅ ያለበትን ቱቦ ከፍታለች።

ቅስሟ ተሰብሮ ትመጣለች ብዬ ስሰጋ፣ እየሳቀች ገባች። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! የራሴን ምች ምስኪኗን አይጥ ላሸክማት ነበር።»

«አላዘንሽም?»

«እንዴት አላዝንም? እንደገና እጀምራለሁ እንግዲህ።» ከዚያ ሕፃኗን ከሩቅ አየቻት። «ስሚ ልጄ፣ በእኔ ከንፈርና በዚያ ቱቦ መካከል ጭንብል ነበረ፣ ጓንት ነበረ፣ ክዳን ነበረ። ያን ሁሉ አልፎ ገብቷል። በእኔ ከንፈርና በልጅሽ ጉንጭ መካከልስ ምን ነበረ?»

አፈርኩ። ጭንብሏ ያን ቀንም ላልቶ ነበርና ተነሥቼ ከኋላዋ አጠበቅኩላት።

ከቀናት በኋላ ጭንብሏን አውልቃ መጣችና ወደ መስኮቱ ጎተተችኝ።

«እስኪ እዪልኝ፣ ጠፍቷል?»

እሷ በሥራዋ እንደምታደርገው ዓይኔን አጥብቤ ከንፈሯን መረመርኩ። «ጠፍቷል።»

እጇን በሳሙና ታጥባ ልጄን ተቀበለችኝ። ለማንኛውም ብላ ጉንጯን ትታ ውስጥ እግሯን ሳመችው።